የጥበብ ሥራና የገበያ ዋጋው
በአሞራ ገደል ዙሪያ ላሉ ሥራ ፈላጊዎችና ሥራ አሠሪዎች

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ስፍራ የሚካሄደውን የዓሣ ገበያ ማለዳ ተገኝቶ የተመለከተ ሰው፥ የንግድ ሥራ በምን ዓይነት ሥርዐት እንደሚመራ በአጭር ጊዜ ሊረዳ ይችላል። አጥማጁ ጀልባውን ወደ ዳር ሲያስጠጋ ገዢው ቆሞ ይጠብቀዋል። አንዱ ቅርፊቱን ይገፋል፤ ሁለተኛው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያል፤ ሦስተኛው በዘይት ጠብሶ ለእንግዳ ያቀርባል፤ ቀዛፊው ደግሞ የጠገበውን እንግዳ በሐይቁ ላይ ያንሸራሽራል። የቆሮሶውም የአምባዛውም ዋጋ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ክርክሩ አጭር ነው። ዓሣ ሳይሸጥ ቢያድር የሚበላሽ መሆኑን ሻጩም ገዢውም ስለሚያውቁ፥ ሁለቱም ሳይዘገዩ ይስማማሉ። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን አንጀትና ቅርፊት ለስፍራው ስም የሰጡት አሞሮች ይለቅሙታል።

ይሁን እንጂ በዚሁ በሐይቁ ዳርቻ የሥራቸው ዋጋ በግልጥ ያልታወቀ ሌሎች ሠራተኞችም አሉ። የጀልባውን ጐን በቀለም አስጊጦ ስም የሚጽፍ፥ ለምግብ ቤቱ ታፔላ የሚሠራ፥ ሙሽሮችን በሐይቁ ዳር አቁሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፥ በሆቴሎች ምሽት የሚዘፍንና የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወት፥ ለበዓል ልብስ ንድፍ የሚያወጣ፥ ለቡና ላኪው የከረጢት ምልክት የሚነድፍ፥ ለእንግዳ ማስታወሻ የሚሆን ዕቃ በእጁ የሚሠራ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። እነዚህ ሰዎች «ሥራህ ስንት ያወጣል?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ «እንደ ወደዳችሁ» ብለው ይመልሳሉ። ነጋዴውም እንደ ወደደ ይከፍላል፤ ወይም «ስምህ ይታወቅልሃል» ብሎ በምስጋና ያሰናብታል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ነገር ነው። የተከበሩ የምክር ቤታችን አባላት ሥዕልና ሙዚቃ ከአስመጪና ከላኪ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የሚያገናኘው ነገር ብዙ መሆኑን ከዚህ ቀጥለን በታወቁ ምሳሌዎች ለማስረዳት እንሞክራለን። የዘመን ቍጥሩ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንጠይቃለን።

ለምህንድስና የተላኩ፥ በጥበብ የተመለሱ

ብዙ ወላጆች ልጃቸው «ሠዓሊ እሆናለሁ» ወይም «ሙዚቀኛ እሆናለሁ» ሲላቸው ይደነግጣሉ። ድንጋጤያቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንጀራ የሚገኝበትን በር ለልጃቸው ከመመኘት የመጣ ነው። ነገር ግን በአገራችን ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራው ሁለት የጥበብ ሰዎች በመጀመሪያ ወደ ውጭ አገር የሄዱት ለምህንድስና ትምህርት እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል።

የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በአንኮበር ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። የሥዕል ዝንባሌያቸው ስለ ታወቀ ትምህርታቸውን ለውጠው በለንደን ከተማ በታወቁት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ሥልጠናቸውን ፈጸሙ። ከተመለሱም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራዎቻቸውን በአዲስ አበባ ለሕዝብ አሳዩ። ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የተጠራበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሚታየው የባለ ቀለም መስተዋት ሥዕል ሲሆን ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የፖስታ ቴምብርም ነድፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሽልማት በሥነ ጥበብ ዘርፍ ሲሰጥ የመጀመሪያው ተሸላሚ እርሳቸው ሆኑ።

በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄም እንደዚሁ ወደ ብሪታንያ የሄዱት ምህንድስና ይማራሉ ተብሎ ነበር። እርሳቸው ግን በለንደን ከዚያም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሙዚቃ አጥንተው የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር በማዋሐድ «ኢትዮ ጃዝ» የተባለውን ስልት አስገኙ። ይህ ሥራቸው በውጭ አገር በሰፊው የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም በሙዚቃቸው መጠቀሙ ዝናቸውን አሰፋው።

ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ታሪክ ወጣቱ ሊማር የሚገባው ቍም ነገር «ምህንድስና ተወና ወደ ጥበብ ግባ» የሚል አይደለም። ሁለቱም የጥበቡን ሙያ እንደ ምህንድስና ቈጥረው በሥርዐት ተምረዋል። ተሰጥዎ አለኝ ብለው አልተቀመጡም፤ ዓመታትን በልምምድ አሳልፈዋል። ሁለተኛም ትእዛዝ የሚሰጣቸው አካል አግኝተዋል። የአፍሪካ አዳራሽ መስተዋት አንድ ተቋም አዝዞ የከፈለበት ሥራ ነው። የሚያዝዝና የሚከፍል ከሌለ የታላቅ ሠዓሊ እጅም ሥራ ይፈታል።

ትምህርቱን በተመለከተ የአገራችን መንገድ ከድሮው ቀሎአል። በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ከመሠረቱ ወዲህ ብዙ ሠዓሊዎች ከዚያ ወጥተዋል፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሙዚቀኞችን አሠልጥኖአል። ይሁን እንጂ ከሐዋሳ ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ አይችልም። አብዛኛው ወጣት ሙያውን የሚማረው ቀድሞ ከገባ ሰው ሥር ሆኖ ነው፤ የታፔላ ሥራ በታፔላ ሠሪው፥ የፎቶግራፍ ሥራ በፎቶ ቤቱ፥ ስፌት በልብስ ሰፊው ዘንድ ይለመዳል። ስለዚህ አንድ ለማጅ በሱቁ የሚያስቀምጥ ባለ ሙያ የትምህርት ቤት ያህል አገልግሎት እንደሚሰጥ ሊታወቅለት ይገባል።

ከሙዚቃ ሱቅ የተነሣው ሸክላ

የንግድ ሰው ለጥበብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማወቅ የፈለገ የአቶ ዐምሃ እሸቴን ታሪክ ቢመለከት ይበቃዋል። አቶ ዐምሃ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሱቅ የነበራቸው ወጣት ነጋዴ ነበሩ። በሱቃቸው የሚሸጡት ሸክላ አብዛኛው ከውጭ አገር የመጣ ነበር። በምሽት ክበቦች ግን የአገራችን ወጣት ድምፃውያን ሰውን ሲያስጨፍሩ ያያሉ፤ የእነዚህ ሰዎች ዜማ በሸክላ ታትሞ በገበያ ላይ አይገኝም። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለ ነበረ ነው።

አቶ ዐምሃ በ1961 ዓ.ም. የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት አቋቁመው የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በአገር ውስጥ ቀርጸው በሕንድ አገር አሳትመው አስመጡ። ሸክላው ገበያ አገኘ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት፥ ማለት እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ፥ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አወጡ። ማሕሙድ አሕመድና ሙላቱ አስታጥቄም በዚህ ድርጅት ሥራቸውን ካሳተሙት መካከል ናቸው። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ አቶ ዐምሃ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ ዐረፉበት ጊዜ ድረስም የአገሪቱ የሙዚቃ ንግድ ባለ ውለታ ተብለው ይጠሩ ነበር።

ይህን ታሪክ በነጋዴ ዓይን እንመልከተው። አቶ ዐምሃ ዘፋኝም ሆነ ሠዓሊ ሆነው አይደለም ይህን የሠሩት። የደንበኛቸውን ፍላጎት በሱቃቸው ቆመው አዩ፤ ዕቃው በአገር ውስጥ መኖሩን ተረዱ፤ ማሳተሚያ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሥራውን የሚሠራላቸውን በውጭ ፈለጉ፤ ገንዘባቸውን አውጥተው ኪሣራውንም ለመሸከም ተዘጋጁ። ይህ ሁሉ አንድ አስመጪ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው። ልዩነቱ ዕቃው ጨርቅ ወይም ምስማር ሳይሆን ዜማ መሆኑ ብቻ ነው። ደግሞም ዜማ በመጋዘን አይበሰብስም። እነዚያ ዘፈኖች ከ20 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክ» በሚባለው ተከታታይ ኅትመት እንደ ገና ወጥተው በዓለም ገበያ ተሸጠዋል። ያሳተመ ሰው የቀረጸውን በጥንቃቄ ካኖረና ውሉን በጽሑፍ ከያዘ ሀብቱ ከእርሱ ዕድሜ ይልቅ ይረዝማል።

የስም ዋጋ

ለቡና ላኪዎች ከዚህ ይልቅ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። የሲዳማ ቡና ዝና የቈየ ነው፤ ሆኖም ስሙ ራሱ ሀብት መሆኑ በግልጥ የታየው በቅርብ ዘመን ነው። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፥ ሐረርና ሲዳሞ የሚባሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ለአሜሪካ መንግሥት ማመልከቻ አቀረበ። የሲዳሞን ስም የያዘ ሌላ ማመልከቻ ስታርባክስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቀደም ብሎ ቀርቦ ስለ ነበረ ጉዳዩ ብዙ ክርክር አስነሣ። ክርክሩ በዓለም ጋዜጦች ከተወራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ወር ገደማ ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ጨረሱት።

ቡናውን በእርሻው ላይ ማንም አልወሰደውም ነበር፤ ክርክሩ የነበረው በስሙ ላይ ነው። ስም፥ ምልክት፥ የከረጢት ሥዕል ሁሉ በኪሎ የማይመዘኑ ቢሆኑም በኪሎ የሚመዘነውን ዕቃ ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ። በቱሪዝም በኩልም ይህንኑ እናያለን። የአገራችን ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን አነጋገር አስበው በማስታወቂያ ሥዕል ላይ ካወጡት ወዲህ፥ ይህ ጥቂት ቃል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገሪቱን ለእንግዶች አስተዋውቆአል። የዘመን አቈጣጠራችን ከእርሳቸው በፊትም 13 ወር ነበረው። እርሳቸው የጨመሩት ነገር ሐሳቡን ነው።

በአሞራ ገደልም እንዲሁ ነው። ሐይቁንና አሞሮቹን የሠራቸው ነጋዴ የለም፤ ነገር ግን የሐይቁን መልክ በጥሩ ሥዕል አሳትሞ፥ በሸሚዝ ወይም በፖስት ካርድ አድርጎ፥ በጥሩ ወረቀት ጠቅልሎ ለእንግዳ የሚሸጥ ሰው ከዓሣው ቀጥሎ ሌላ ገበያ ይከፍታል። እንግዳ ዓሣ በልቶ ይሄዳል፤ የበላውንም ወደ ቤቱ ይዞ ሊሄድ አይችልም። ይዞ የሚሄደው በእጅ የተሠራውን ማስታወሻ ነው።

መስፋትና መንደፍ

በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአሥር ሺህ ለሚቈጠሩ ወጣቶች፥ ይልቁንም ለሴቶች፥ ሥራ ከፈተ። የተሰፋው ልብስ አብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚሄድ ነበር። ኋላ ግን ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ዕድል እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ስለ ታገደች በፓርኩ ከነበሩት ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ሥራቸውን አቋርጠዋል፤ ፒቪኤች የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያም እገዳው ከመጽናቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ እንደሚወጣ አስታውቆ ነበር።

በዚህ ነገር ውስጥ ለጽሑፋችን የሚሆን ትምህርት አለ። ልብሱ ሐዋሳ ሲሰፋ ንድፉ የሚወጣው፥ ስሙ የሚለጠፈውና የመሸጫው ዋጋ የሚቈረጠው በሌላ አገር ነበር። ከአንድ ሸሚዝ ዋጋ ለሰፊዋ የሚደርሳት ጥቂቱ ሲሆን ለንድፉና ለስሙ ባለቤት የሚቀረው ብዙው ነው። ንድፉ የእኛ ያልሆነ ፋብሪካ ባለ ንድፉ ሲሄድ ሥራ ይፈታል። የራሱ ንድፍ ያለው ሰፊ ግን በአንድ መኪናም ቢሆን ደንበኛውን ይዞ ይቀራል።

ለዚህ የሚሆን ምክንያት በአካባቢያችን አልጠፋም። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦአል። በዓሉ ሲቃረብ የባህል ልብስ፥ ጌጣጌጥ፥ ዘፈን፥ የማስታወቂያ ኅትመትና ፎቶግራፍ ሁሉ ይፈለጋል። ይህ ፍላጎት በየዓመቱ እንደሚመለስ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ጨርቅ አስመጪውና ልብስ ሰፊው ወራት አስቀድመው ተነጋግረው ንድፉን ቢወስኑ በዓሉ ሲደርስ ከሌላ አገር የታተመ ጨርቅ ከመሸጥ ይድናሉ።

ሥራ የሚገኝበት መንገድ

ለሥራ ፈላጊው ወጣት የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፦ ሥራህን የሚያሳይ ናሙና አዘጋጅ። ነጋዴ ዕቃ ሳያይ አይገዛም፤ አንተንም ሥራህን ሳያይ አያዝዝህም። ከሠራኸው ሁሉ ምርጥ የሆኑትን ዐሥር ያህል ብቻ መርጠህ በአንድ መዝገብ አኑር። ሥራ ገና ካላገኘህ በራስህ ሐሳብ ለአንድ ሱቅ ታፔላ፥ ለአንድ ቡና ከረጢት፥ ለአንድ ዓሣ ቤት የምግብ ዝርዝር ነድፈህ አሳይ። «ማንም አላዘዘኝም» የሚል ምክንያት አይበቃም።

ሁለተኛ፦ ከአንድ ሙያ ጋር ተጓዳኝ የሆነ ሁለተኛ ሙያ ያዝ። በእጅ ስልክ ሁሉም ሰው ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስለ ሆነ፥ በየመዝናኛው እንግዳ እየጠበቁ ፎቶ ማንሣት እንደ ቀድሞው እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን ለሆቴል የክፍሉን፥ ለላኪ የዕቃውን፥ ለሙሽራ የቀኑን ታሪክ አሳምሮ የሚያነሣ ባለ ሙያ ዛሬም ይፈለጋል። ታፔላ ጻፊውም የኮምፒዩተር ንድፍ ቢጨምርበት የኅትመት መኪና ሥራውን ወሰደብኝ ብሎ አያዝንም።

ሦስተኛ፦ ሕጋዊ ሁን። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር የሌለው ሰው ደረሰኝ ሊሰጥ አይችልም። ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ትልቅ ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ሊያዝዘው አይችልም፤ ወጪውን በመዝገብ የሚያስይዝበት ማስረጃ ያጣልና። ብዙ ጐበዝ ባለ ሙያዎች ከታናናሽ ሥራ ያልወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፦ ዋጋህን ቈጥረህ ዕወቅ። ለአብነት ያህል አንድ ባለ ሱቅ ታፔላ አዘዘ እንበል። ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ማሳያ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ለብረት፥ ለቆርቆሮና ለቀለም 6,000 ብር፤ ለማጓጓዣ 500 ብር፤ ለአራት ቀን ሥራ በቀን 700 ብር ሒሳብ 2,800 ብር፤ ለመሣሪያ ማደሻ 400 ብር ቢወጣ ድምሩ 9,700 ብር ይሆናል። ለመጠባበቂያ ከዐሥር አንድ 970 ብር ቢጨመር ዋጋው 10,670 ብር ነው። ባለ ሱቁ ተከራክሮ በ7,000 ብር ቢያሠራው፥ ሠሪው ለዕቃና ለማጓጓዣ 6,500 ብር ስለሚከፍል በእጁ የሚቀረው 500 ብር ነው፤ ይኸውም በቀን 125 ብር ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ የሚሠራ ሰው በርካሽ ቀለም ይቀባል፤ ታፔላውም በአንድ ክረምት ይላጣል። የተጐዳው ሠሪው ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

አምስተኛ፦ ቀብድ ጠይቅ። በአገራችን ልማድ ቀብድ የዋጋው እኩሌታ ይሁን ይባላል። ከላይ በተጻፈው ምሳሌ እኩሌታው 5,335 ብር ሲሆን ለዕቃና ለማጓጓዣ የሚያስፈልገው ግን 6,500 ብር ነው፤ የጐደለውን 1,165 ብር ሠሪው ተበድሮ ለባለ ሀብቱ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ቀብድ የሚለካው በእኩሌታ ሳይሆን በዕቃው ወጪ ቢሆን ይሻላል። ቀሪው ሥራው ሲረከብ በዚያው ቀን ይከፈል።

ስድስተኛ፦ ቀጠሮ አክብር። ነጋዴ የጥበብ ሰውን የሚሸሽበት ዋናው ምክንያት የዋጋ መወደድ ሳይሆን የቀጠሮ መፍረስ ነው። የበዓል ማስታወቂያ ከበዓሉ በኋላ ቢደርስ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ዓሣ አጥማጁ በማለዳ እንደሚደርስ ሁሉ አንተም በቀንህ ድረስ።

ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ ሕግ

የጥበብ ሥራ በሕግ የተጠበቀ ንብረት ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ አመንጪ በሕይወቱ ዘመን፥ ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል፤ ለፎቶግራፍ ሥራ ግን ጥበቃው 25 ዓመት ነው። መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ነው። ይህም አዋጅ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 872 ተሻሽሎ ለሙዚቃና ለሌሎች ሥራዎች የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበሰብበትን መንገድ አመልክቶአል።

ከዚህ ውስጥ ለባለ ሱቅ ሁለት ነገሮች ይጠቅሙታል። አንደኛው፥ አንድን ሥዕል ገዝቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ሥዕሉን እንጂ የማባዛቱን መብት አልገዛም። ያንን ሥዕል በሸሚዝ ወይም በዕቃ መጠቅለያ ላይ አትሞ ለመሸጥ ከፈለገ ሠዓሊውን ማስፈቀድ አለበት። ሁለተኛው፥ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር ባለ መብቱ ያሠራው ሰው ነው። ስለዚህ መብቱን ለራሱ ማስቀረት የሚፈልግ ባለ ሙያ ከመጀመሪያው በውሉ ላይ ማስጻፍ ይገባዋል። ውሉ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፦ የሥራው ዓይነት፥ ዋጋው፥ ቀብዱ፥ የማስረከቢያው ቀን፥ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፥ መብቱ የማን እንደሆነ።

የንግድ ምልክትን በተመለከተ አዋጅ ቍጥር 501/1998 የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት እንዲጠበቅና እየታደሰ እንዲቀጥል ፈቅዶአል። የዕቃ ቅርጽና ንድፍም በአዋጅ ቍጥር 123/1987 መሠረት ለ5 ዓመት ሲጠበቅ ሁለት ጊዜ በየ5 ዓመቱ ሊራዘም ይችላል። ጥሩ ምልክት አሠርቶ ሳያስመዘግብ የተወ ነጋዴ መጋዘን ሠርቶ በሩን ሳይቈልፍ እንደ ሄደ ሰው ይቈጠራል። ጐረቤቱ ያንኑ ምልክት አስመስሎ ቢለጥፍ የሚከራከርበት ኀይል ያንሰዋል።

ክፍያና ምስጋና

በመጨረሻ ስለ አንድ የቈየ ልማድ መናገር ግድ ይሆንብናል። ለሠርግ፥ ለምረቃ ወይም ለሱቅ መክፈቻ የሚጠራ ወጣት ሙዚቀኛ ወይም ሠዓሊ «ለመጀመሪያ ጊዜ በነጻ ሥራልን፥ ሰው ያውቅሃል» ሲባል ይሰማል። ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉ ሐሳብ ኖሮአቸው አይደለም። ነገር ግን የዚያን ዕለት ዓሣውን በነጻ የሚያመጣ አጥማጅ፥ ወንበሩን በነጻ የሚያከራይ ሰው የለም። ከሁሉ ይልቅ ድኻ የሆነው ሠራተኛ ብቻ በነጻ እንዲሠራ መጠየቁ በሚዛን ሲታይ ትክክል አይደለም። በነጻ የሠራ ወጣት ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ሙያውን ትቶ ሌላ ሥራ ይይዛል። ነጋዴው ኋላ ጥሩ ንድፍ አውጪ ሲፈልግ በከተማው ያጣና ከአዲስ አበባ በብዙ ዋጋ ያስመጣል።

በከተማችን ያሉ አባሎች ጥቂት ነገር ቢያደርጉ ይህ ሊለወጥ ይችላል። ሆቴሎች ግድግዳቸውን ከውጭ አገር በታተመ ሥዕል ከሚሸፍኑ፥ በዓመት አንድ ሥራ እንኳ ከአካባቢው ሠዓሊ ቢገዙ ለእንግዳቸው የሚያሳዩት ነገር ያገኛሉ። ቡናና ማር ላኪዎች ለናሙና የሚልኩትን ከረጢት በአገር ልጅ ቢያስነድፉ፥ ገዢው ዕቃውን ከየት እንደ መጣ ከመልኩ ያውቃል። ጨርቅ አስመጪዎች በየወቅቱ የሚሸጠውን ለልብስ ሰፊዎች አስቀድመው ቢያሳውቁ ሁለቱም ወገኖች ያተርፋሉ። ቀለም፥ ወረቀት፥ የሙዚቃ መሣሪያና የፎቶግራፍ ዕቃ የሚያስመጡም የራሳቸው ደንበኛ ሥራ ካላገኘ የእነርሱም መደርደሪያ እንደማይነቃነቅ ያውቁታል።

አጥማጁ ለመረቡ፥ ቀዛፊው ለመቅዘፊያው ዋጋ እንዲያገኝ ማንም አይከራከርም። በብሩሽ፥ በክራርና በመቀስ የሚያድር ሰውም ቤተ ሰብ አለው፤ ኪራይ ይከፍላል፤ ከሱቃችን ይገዛል። የሠራውን በተስማማበት ቀን በተስማማበት ዋጋ የሚያገኝ ባለ ሙያ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ሥራ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ከአሁን በኋላ ታፔላ፥ ምልክት ወይም ማስታወቂያ ሲያሠራ ሦስት ነገር እንዳይዘነጋ አደራ እንላለን፦ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀብዱ የዕቃውን ወጪ ይሸፍን፤ ቀሪው ሥራው በተረከበበት ቀን ይከፈል።